ብቻዋን የቆመችው ፉርጎ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ባቡር ጣቢያ ላይ ፉርጎ ከፉርጎ የሚቀጥለው ሰው ጆሮ ከባለቤቱ ጋር ታረቀ። አንድ እግሩን ካልሲ አልብሶ፣ የሁለተኛውን ካልሲ በእጁ እንደያዘ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ታላቅ ወንድሙና ታናሽ እህቱ በስልክ እናታቸውን ሲቀባበሏት ያዳምጣል። ሦስቱን በአንድ መስመር ያገናኘው ታላቅየው ነበር። መጀመሪያ ወደ እሱ ደውሎ ቆይ እሷንም ላስገባት አለው፤ አስገባት፤ ከዚያ ሁለቱ ወሬያቸውን ሲይዙ እሱ መኖሩን ጭራሽ ረሱት። አይፈረድባቸውም፤ ሄሎ ካለ በኋላ ትንፍሽ አላለም። ታላቅየው ዕቃ እንደሚያስረክብ ሰው ይዘረዝራል። እናታቸው ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ተሳፍራለች፣ መስኮት ዳር ተቀምጣለች፣ የደም ግፊት መድኃኒቷ አረንጓዴው ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ስድስት ወሯን ያለ አንዳች ኮሽታ ጨርሳለች። ታናሽየዋ በበኩሏ እንግዳ ስላለባት ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ደስ ይላት እንደነበር፣ አሁን ግን አንዴ ከተነሳች ምን ይደረጋል ትላለች።

«እዚያ መጋጠሚያው ጣቢያ ልውረድ እያለች አስቸገረችኝ» አለ ታላቅየው። «መሃሉ ልጄ ጋ ልረፍ ትላለች።»

«ታዲያ ምን አልካት?»

«እዚያ በሩ አይከፈትም አልኳት። ፉርጎዋ ከአንዱ ባቡር ወደ ሌላው ስትዛወር በሩ ይቆለፋል፣ ሕጉ ነው አልኳት። አመነችኝ።»

እህቲቱ ሳቀች። ደግ አደረግክ፣ እሱስ ቢሆን ውሰዳት ቢባል የት ሊያስቀምጣት ነው፣ ሐዲድ ላይ? አለች። ታላቅየውም ኧረ እሱ አንድ ቀን ጠይቆም አያውቅ ብሎ ነገሩን ዘጋው። ከዚያ ደህና ዋይ፣ ደህና ዋል ተባብለው ስልኩን ዘጉ። እሱን ደህና ዋል ያለው የለም።

ስለ ሐዲዱ ቀልድ አልከፋውም። ኑሮው ሐዲድ ዳር የሆነ ሰው በሐዲድ ቢቀለድበት ምን ይሆናል። የከፋው በሩ ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያንን በር በገዛ እጁ ሲከፍትና ሲዘጋ ኖሯል። ማጠፊያው ሲደርቅ ዘይት የሚቀባው፣ መስታወቱ ሲቆሽሽ የሚወለውለው እሱ ነው። በዚያ በር እናቱን ዋሹበት። አለሁ፣ እየሰማሁ ነው ማለት ምን ያስቸግር ነበር? ግን ዝም አይነቅዝም እየተባለ ያደገ ሰው ነው፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ሁለተኛውን ካልሲ አጠለቀ።

ቤታቸው ከጣቢያው ጀርባ ከተደረደሩት የሠራተኛ ቤቶች አንዷ ናት። አንድ ክፍል፣ ጥግ ላይ ወጥ ቤት የምትባል አንዲት ምድጃና አንድ ቧንቧ፣ ክፍሉን ለሁለት የሚከፍል ባለ አበባ መጋረጃ። ከመጋረጃው ወዲህ የባልና ሚስት አልጋ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው የሚተኙበት ተደራራቢ አልጋ። ጠረጴዛዋ ሲበላ ትዘረጋለች፣ ተበልቶ ሲያልቅ ትታጠፋለች። ባቡር ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ስኒዎች ስለሚንጫጩ በየስኒው መሃል ቁራጭ ጨርቅ ገብቷል። ለዚህችው ቤት ኪራዩ የሁለቱን ደመወዝ ሲሶ ይበላል። ሚስቱ ትንሿ መስታወት ፊት ቆማ የሥራ ልብሷን ቁልፍ ስትቆልፍ ነበር። ስልኩ አሮጌ ነው፤ ጆሮ ላይ ቢለጥፉትም ለጎረቤት ያሰማል። ሁሉንም ሰምታለች። እሷ ግን ሻይህ ቀዘቀዘ ብቻ አለችው፤ የቀዘቀዘውን ሻይ ቁሞ ጨልጦ ተከታትለው ወጡ።

ሚስቱ የጣቢያው ትኬት ቆራጭ ናት። እሷ ትቆርጣለች፣ እሱ ይቀጥላል፤ ትዳር እንዲህ ካልሆነ አይጸናም እያሉ የጣቢያው ሰዎች ይቀልዱባቸዋል። ስሙንማ የሚጠራው የለም። ፉርጎ ወደ ፉርጎ ሲጠጋ ነጂው በመስኮት ብቅ ብሎ «ቀጥል!» እያለ ስለሚጮህበት፣ ቀጥል ሆኖ ቀርቷል። እህቱ ደግሞ የራሷ ስም አላት፤ መሃል ሰፋሪ ትለዋለች። በልጅነታቸው ታላቅና ታናሽ ሲጣሉ እሱ የማንንም ወገን ሳይዝ ጠረጴዛ ሥር ይገባ ነበርና። አሁንም መሃል እንደሰፈረ ነው። ወንድሙ በታችኛው ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው፣ እህቱ በላይኛው ከተማ አስተማሪ ናት፣ እሱ ሁለቱ መንገዶች የሚጋጠሙበት ጣቢያ ላይ የሰው ፉርጎ ይፈታል፣ ይቀጥላል።

ሥራው ለማያውቀው እንዲህ ነው። ከታችኛው ከተማ የሚመጣው ባቡር ሰባት ፉርጎ እየጎተተ እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል። ስድስቱ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ሰባተኛዋ ለላይኛው ከተማ ተሳፋሪዎች የተመደበች ናት፤ ሻንጣቸውን ተሸክመው ባቡር ለመቀየር እንዳይንከራተቱ፣ ፉርጎዋ ራሷ ከነሰዎቿ ከአንዱ ባቡር ተፈታ ለሌላው ትሰጣለች። ተሳፋሪው ካለበት ንቅንቅ አይልም። እሱ በሁለቱ ፉርጎዎች መሃል ጎንበስ ብሎ ይገባል፤ የፍሬኑን አየር ይዘጋል፣ ቱቦውን ይነቅላል፣ መወጠሪያውን አላልቶ መንጠቆውን ያወልቃል። የጣቢያው ሰው አህያዋ የሚላት ትንሿ ጎታች ሰባተኛዋን ወደ ሁለተኛው ሐዲድ ታመጣትና ጥላት ትሄዳለች። የላይኛው ከተማ ባቡር ወደ ኋላ እያፈገፈገ መጥቶ እስኪጠጋት ድረስ ፉርጎዋ ብቻዋን ትቆማለች። ከፊቷ ምንም፣ ከኋላዋ ምንም። ነገሩ ሁሉ ተደምሮ ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ደቂቃውን የሚቆጥሩት ደግሞ የጣቢያው ሹም ናቸው፣ ከእጅ ሰዓታቸው ዓይናቸውን ስለማያነሱ ሠራተኛው አባ ሰዓት ይላቸዋል።

በነዚያ ደቂቃዎች ፉርጎዋ ውስጥ ያለው ሰው ሌላ ሰው ይሆናል። የመንኮራኩሩ ድምፅ ሲቆም ወሬው ይቀንሳል፣ ሕፃናቱ ይተኛሉ፣ ትልልቆቹም ዓይናቸውን እንደገለጡ ይተኛሉ። ጎናቸው የቆሙት ስድስቱ ፉርጎዎች መሄድ ሲጀምሩ፣ የቆሙት እነሱ የሄዱ ይመስላቸዋል፤ የወንበራቸውን ክንድ ጨበጥ ያደርጋሉ። ስድስቱ አልፈው ባዶው ሐዲድ ሲታይ እርስ በርስ ተያይተው ፈገግ ይላሉ። የባሰው ግን ኋላ ነው። የላይኛው ከተማ ባቡር መጀመሪያ በመጡበት አቅጣጫ ትንሽ ሄዶ ነው መንገዱ የሚገነጠለው፤ ስለዚህ ወደ ፊት ዞሮ የተቀመጠው ሁሉ ወደ ኋላ መጎተት ይጀምራል። ወደ መጣንበት እየመለሱን ነው ብሎ የሚጮህ ሰው ያልነበረበት ቀን የለም። አንድ ጊዜ አንድ ሙሽራ በመስኮት ሊዘል ነበር። ስለዚህ ፉርጎዋን ፈትቶ ከመቀጠሉ በፊት ወደ ውስጥ ገብቶ መናገር የእሱ ግዴታ ሆነ። ቃሉን ራሱ ነው ያወጣው፤ «ቤተሰብ፣ አትደንግጡ፤ ፉርጎዋ ወደ ኋላ ትሄዳለች፣ እናንተ ግን ወደ ፊት ናችሁ» ይላል። በሕይወቱ አፉን ሞልቶ የሚናገረው ይህችን ብቻ ነው።

እናቱ በዚህች ፉርጎ ስትሄድም ስትመለስም አራት ጊዜ አልፋለች። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ስድስት ወር ታች፣ ስድስት ወር ላይ ነው ኑሮዋ። በመጀመሪያው ጊዜ አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዞላት ወጣ፤ ከሰላምታው የተረፈው ደቂቃ ብርቱካኑን የት እናስቀምጠው ሲባባሉ አለቀ። በሁለተኛው ዝናብ ነበረ፣ መንጠቆውም እምቢ ብሎት በመስኮት ብቻ ተያዩ። በሦስተኛው ተኝታ አገኛት፤ ራሷን መስታወቱ ላይ ጣል አድርጋለች፤ መቀስቀስ አላስቻለውም፤ አጠገቧ ትንሽ ቆሞ ወረደ። በአራተኛው ደህና ነሽ፣ ደህና ነህ ወይ ብቻ። በእያንዳንዱ ጊዜ እኔ ጋ ቅሪ የምትለው ቃል ጉሮሮው ድረስ ትመጣለች፤ ሚስቱን ያስብና ይውጣታል። ሚስቱ ምን እንደምትል ራሱ ጠይቆ፣ ራሱ መልሶ፣ ራሱ ፈርዶ ጨርሷል።

ያን ቀን ረፋዱ ላይ ጭጋግ ነበረ። ሐዲዶቹ ከጥቂት ርምጃ በኋላ ነጭ ነገር ውስጥ ገብተው ይጠፋሉ፤ አህያዋ ስታልፍ ድምፅዋ ይቀድምና እሷ ቆይታ ብቅ ትላለች። ሁለት የእህል ፉርጎዎች ፈታ፣ አንድ የነዳጅ ቀጠለ፤ እጁ ይሠራል፣ ልቡ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ካልሲ እንደያዘ ቀርቷል። በአራት ሰዓት ዕረፍት ከጣቢያው በር ላይ ካለችው ሻይ ሻጭ ሻይ ሊጠጣ ወጣና ሳይጠጣ ተመለሰ። እግሩ ወደ ትኬት መስኮቱ ወሰደው። ሰልፍ ነበረ፤ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ ሚስቱ በመስታወቱ ቀዳዳ ቀና ብላ ሳታይ እንደ ልማዷ የት ነው የሚወርዱት አለች፤ ከዚያ አየችው።

«እናቴ ዛሬ ታልፋለች» አላት።

«አውቃለሁ። ዝርዝሩን አይቻለሁ፤ ሰባተኛዋ፣ ወንበር ሃያ ስድስት።»

ዳር ዳር አለ። ጭጋጉን አነሳ። ብርቱካን ከአምና በእጥፍ እንደጨመረ ነገራት። ትልቋ ልጃቸው እግሯ ረዝሞ ከአልጋው እየወጣ መሆኑን አነሳ። ከኋላው ሁለት ካርቶን የተሸከመ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ቤቱ ባይጠብ ኖሮ…» ብሎ ተወው።

«ጠበበ ያለህ ማን ነው?»

«አንቺ እኮ…»

«እኔ? እኔ ምን ብዬ አውቃለሁ?»

አሰበ። ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ከሚስቱ አፍ የወጣ አንዲት ቃል ፈለገ፤ የለም። እሱ ዝምታዋን እምቢታ አድርጎ ቆጥሮታል፤ እሷ ደግሞ ዝምታውን፣ እናቱን አልፈለገም ብላ ይዛዋለች። አንድ መጋረጃ ሥር አድረው አንዱ የሌላውን ሆድ እንደገመተ ሁለት ዓመት ሄደ። ሚስቱ ወደ ቀዳዳዋ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጠዋት ያን ሁሉ ሰምቼ ዝም ያልኩት አንተ እስክትናገር ነው። ሆድ ከአገር ይሰፋል፤ አንድ አልጋ አያቅተንም። እዚህ መስኮት የሚመጣን ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌ ሆነ ሕፃን፣ መጀመሪያ የምጠይቀው የት ነው የሚወርዱት ብዬ ነው። እናትህን እስከ ዛሬ አንድ ሰው ጠይቋት ያውቃል?»

መልስ አልጠበቀችም። ቀና ብላ «ቀጣይ!» አለች። ባለ ካርቶኑ ሰውዬ ተራዬ ነው ብሎ ገፋ አድርጎት አለፈ፤ እሱ ግን የተጠራው ራሱ መስሎት አቤት ሊል ነበር። አፈር ብሎ ወጣ፤ ፊቱ ላይ ግን ከጠዋት ጀምሮ ያልነበረ ነገር አለ።

ባቡሩ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ገባ። ጭጋጉ ከመሬት ተነስቶ ነበር፣ ከጣራዎቹ ግን አልተነሳም፤ የጣቢያው ድምፅ ማጉያ የሚናገረው ሁሉ ከትራስ ሥር እንደሚወጣ ነው። አየሩን ዘጋ፣ ቱቦውን ነቀለ፣ መንጠቆውን አወለቀ። አህያዋ ሰባተኛዋን ወስዳ ሁለተኛው ሐዲድ ላይ አቆመቻትና ሄደች። እሱም እጁን በጨርቅ ጠርጎ በሩን ከፈተና ገባ። ቃሉን ለሁሉም አሰማ፤ አንዲት እናት ሕፃኗን እያባበለች ራሷን ነቀነቀች፣ ሌላው አልሰማውም። ከዚያ ወደ ሃያ ስድስት ቁጥር ሄደ።

እናቱ ባለፈች ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየቀነሰች ትመስለዋለች፤ ወንበሩ ሰፍቶባታል። አረንጓዴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች፤ የትም ቦታ ዕቃዋን ፈትታ የማታስቀምጥ ሰው አያያዝ ነው። ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት።

«መሃሌ» አለችው። እንዲህ የምትለው እሷ ብቻ ናት። ወዲያው ፊቷ ላይ ግራ መጋባት መጣ። «በሩ ይቆለፋል ብለውኝ አልነበር እንዴ? አንተ በየት ገባህ?»

ወንድሜ ዋሽቶሽ ነው ሊላት ይችል ነበር። አፉ ላይ መጣና ተወው፤ እናት ፊት ልጇን ማሳጣት ምን ይረባል። «በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ እማዬ» ብቻ አላት። አጠገቧ የነበረችው ሴትዮ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት፤ ተቀመጠ። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እዚያች ፉርጎ ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲያይዋት ፉርጎዋ ሌላ ናት። መስኮቱ በጭጋጉ ነጭ ሆኗል፣ የሰው ትንፋሽ ሞቅ አድርጓታል፣ አንዱ በእንቅልፉ ያጉረመርማል፣ ከሆነ ቦታ የተላጠ ብርቱካን ይሸታል። መሬት የሚባል ነገር ያለ አይመስልም። እናቱ ለእሱም ለማንም እንደማትናገር ሁሉ፣ ቀስ ብላ ማውራት ጀመረች።

«ይቺን መቆሚያ እወዳታለሁ። ከወንድምህ ቤት ወጥቻለሁ፣ እህትህ ቤት አልገባሁም። እማዬ እዚያ አትቀመጪ፣ እማዬ ያንን አትንኪ የሚለኝ የለም። ከታች ደግሞ አንተ ስትደበድብ እሰማሃለሁ። ያኔ ተኝታለች ብለህ ሄድክ አይደል? አልተኛሁም። ብንተያይ ሆድህ ይባባል ብዬ ነው ዓይኔን የጨፈንኩት። አጠገቤ ስትቆም ትንፋሽህን ስሰማ ነበር።»

ይህን ያህል ጊዜ እሱ ለእሷ ሲያዝን እሷ ለእሱ ስታዝን፣ ማንም ለማንም ሳይናገር ባቡሩ እየመጣ ባቡሩ ይሄድ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገና፣ የሚስቱን ጥያቄ ልክ እንደሰማው አድርጎ ጠየቃት።

«እማዬ፣ የት ነው የምትወርጂው?»

ቦርሳዋን ከፍታ ትኬቷን ፈልጋ አወጣችና ሰጠችው። «እዚህ ላይ ተጽፏል መሰለኝ» አለች።

«ትኬቱን ተዪው። የጠየቅኩት አንቺን ነው።»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመጣባት ብዙ ዘመኗ ነው፤ ዓይኗ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ መልሱን ግድግዳው ላይ የሚያነብላት ሰው የምትፈልግ ይመስላል። ያን ጊዜ ከጎናቸው የነበሩት ስድስቱ ፉርጎዎች ንቅንቅ አሉ። በነጩ መስኮት ሌላ መስኮት፣ ከዚያም ሌላ መስኮት እየተንሸራተተ አለፈ። እናቱ እጁን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

«ሄድን!» አለች።

«አልሄድንም እማዬ። የሄዱት እነሱ ናቸው። እኛ ቆመናል።»

የመጨረሻው ፉርጎ እስኪያልፍ እጁን አልለቀቀችም። ባዶው ሐዲድ ሲታይ ወደ እሱ ዞረች። «እንግዲያስ እዚህ ልውረድ» አለች፤ ሰው ቤት ሄዶ ውሃ እንደሚለምን እንግዳ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። ቀጥላም ሚስቱ ምን እንደምትል ጠየቀችው። ጠይቃት ብላ የላከችኝ እሷ ናት ሲላት፣ መሐረቧን ሳብ አድርጋ አፏን ሸፈነች።

የአባ ሰዓት ፊሽካ ተሰማ። የላይኛው ከተማ ባቡር እያፈገፈገ መምጣት ጀምሯል። ፉርጎ ሊጋጠም ሲል ተሳፋሪ ማውረድ ክልክል ነው፤ ግጭቱ ሰው ይጥላል። ስለዚህ እስክንጋጠም ተቀመጪ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ተነሥተሽ በሩ ጋ ጠብቂኝ፣ ቀጥዬ እንደጨረስኩ መጥቼ አወርድሻለሁ አላት። ሴትዮዋንም አደራ ብሎ ወረደ። ምን ይሁን ብሎ ነው አደራ ያላት? ራሱም አያውቅም፤ ደስ ብሎት ነበር። እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

ባቡሩ ተጠጋ፤ ነጂው ጮኸ፤ ገባ። በሁለቱ ፉርጎዎች መሃል ሲቆም ሁሌም ዓለሙ ጠብቦ የአንድ ክንድ ይሆንለታል፤ ዛሬ ግን ሰፋበት። መጋረጃው አንድ ርምጃ ወዲህ ቢመጣ፣ ብሎ አሰበ፣ መንጠቆውን እያነሳ። ተደራራቢው አልጋ ወደ መስኮቱ ቢዞር ግድግዳው ሥር ለአንድ ሰው አልጋ ቦታ ይወጣል። ጠዋት ፀሐይ የሚገባው በዚያ በኩል ነው፤ እናቱ ፀሐይ ትወዳለች። መወጠሪያውን አጠበቀ። ማታ ሲተኛ ትንፋሿን በመጋረጃው በኩል ይሰማዋል። ትንሿ ልጅ ፀጉሯን ለማንም አታስነካም፣ ለአያቷ ግን ትቀመጥላት ይሆናል። ቱቦውን ገጠመ፣ አየሩን ከፈተ፣ አየሩ ፉጨት እያሰማ አለፈ። የእናቱን አልጋ ከማን እንደሚያሠራ ሲያስብ፣ አንሶላው ነጭ ይሁን ወይስ ሌላ ሲል፣ ከፉርጎዎቹ መሃል ወጣ፣ አራት ርምጃ ተራመደ፣ ዞረ፣ አረንጓዴውን ባንዲራ ከፍ አደረገ።

እሱ አላነሳውም፤ እጁ ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት አየር ከከፈተ በኋላ አራት ርምጃ ተራምዶ አረንጓዴ ያላነሳበት ቀን የለም። አባ ሰዓት ሰዓታቸውን አይተው ፊሽካቸውን ነፉ። ነጂው መለሰ። ባቡሩ ተነሳ፤ ወደ ኋላ፣ ሰባተኛዋ ፉርጎ ወደ መጣችበት በኩል። ሰባተኛዋ ፉርጎ በአጠገቡ መንሸራተት ስትጀምር ነው በሩን ያየው። እናቱ በሩ መስታወት ላይ ናት፤ ቦርሳዋን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ አንድ እጇ መያዣው ላይ። ቢያንስ ብትደነግጥ፣ ቢያንስ በሩን ብትደበድብ ይሻለው ነበር። አልደነገጠችም። ለካ ነገር ሲቀየርባት ለምዳዋለች። ሌላ ነገር ታስቦ ይሆናል ብላ፣ እጇን ከመያዣው አንስታ፣ ደህና ሁን ብላ አውለበለበችለት።

ሮጠ። ቀዩ ባንዲራ መቀነቱ ላይ እንደተጠቀለለ ነው፤ ሲመዘው ጨርቁ ተቀደደ። የሄደ የሰው ባቡር የሚቆመው እሳት ከተነሳ፣ ሰው ከተገጨ፣ ሐዲድ ከተሰበረ ብቻ ነው፤ ይህን ለአዲስ ሠራተኞች የሚያስተምረው እሱ ራሱ ነው። ቀዩን ከራሱ በላይ እያወዛወዘ፣ ሐዲዱ ዳር ባለው ጠጠር ላይ እየተደናቀፈ ሮጠ። ባንዲራው ብቻ አልበቃው አለ። አፉ ተከፈተና፣ ሰው ከተማ ውስጥ ታክሲ ተሳፍሮ የሚለውን፣ ባቡር ላይ ማንም ብሎት የማያውቀውን ቃል ጮኸ።

«ወራጅ አለ! ወራጅ አለ!»

ፍሬኑ ሲያዝ ባቡሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተንገጫገጨና ቆመ። ሰው በየመስኮቱ ራሱን አወጣ። አንዱ ታክሲ መሰለው እንዴ አለ፣ ሌሎች ሳቁ። አባ ሰዓት በዚያ ዕድሜያቸው እየሮጡ መጡ።

«ማን ተገጨ?»

«ማንም አልተገጨም።»

«ምን ተሰበረ?»

«ምንም አልተሰበረም አለቃ። ወራጅ አለ። እናቴ ናት።»

ሹሙ አንዴ ሰዓታቸውን፣ አንዴ በሩ ላይ የቆመችውን አሮጊት፣ አንዴ የተቀደደውን ባንዲራ አዩ። ይህን ነገር ሪፖርት እንደሚያደርጉት፣ ከደመወዙም ከደረጃውም እንደሚነካው ነገሩት። ያድርጉት አላቸው፤ አረንጓዴውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ቀዩንም ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ እንዲያው ይጻፉት። ሰው ፊት እንዲህ ረዘም አድርጎ ሲናገር ሰምተውት ስለማያውቁ ሹሙ ሌላ አልጨመሩም። በሩን ከፈተ። ሴትዮዋ ቦርሳውን አቀበለችው፣ እናቱን ብብቷ ሥር ይዞ አንድ ደረጃ፣ ሌላ ደረጃ፣ ሌላ ደረጃ አድርጎ አወረዳት። ወደ መስኮቶቹ ቀና ብላ አዘገየኋችሁ፣ ይቅር በሉኝ አለች፤ ምንም አይደል እማማ አሏት።

«ሐሳብህን የቀየርክ መስሎኝ ነበር» አለችው፣ ያለ ወቀሳ።

«እጄ ነው እማዬ። እጄ ቀድሞኝ ነው» አለ፤ ሌላም ሊያስረዳ ፈልጎ አልቻለም፤ እንባው መጣ። ትልቅ ሰው፣ የቅባት ልብስ ለብሶ፣ ስንት መስኮት እያየው አለቀሰ። እናቱ በመሐረቧ ጫፍ ጉንጩን ጠረገችለት፤ ጥቁር ቅባት መሐረቡ ላይ ቀረ።

ባቡሩ እስኪፈቀድለት ቆሞ ሳለ ስልኩን አውጥቶ ለእህቱ ደወለ። ጣቢያ ሄደሽ አትጠብቂያት፣ እኔ ጋ ወርዳለች አላት። እህቱ ለስንት ቀን ነው አለችው። «እሷን እጠይቃታለሁ» አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ በሩን ዘጋ፣ እንደገና አረንጓዴውን አነሳ፤ አሁን እጁን እያየ።

ወደ ቤት ሊወስዳት ክንዷን ሲይዛት እናቱ አልሄድ አለችው። ባቡሩ እየተነሳ ነበር። ፉርጎዎቹ አንድ በአንድ ነጩ ነገር ውስጥ ይገባሉ፣ ሰዎች ከየመስኮቱ ያውለበልባሉ፣ ሃያ ስድስት ቁጥር ባዶውን ያልፋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትሄድ ኖራለች እንጂ ባቡር ሲሄድ ቆማ አይታ አታውቅም።

«ከውጭ ሲያዩት እንዲህ ነው እንዴ?» አለችው።

«እንዲህ ነው እማዬ።»

«እስኪያልፍ እንቁም» አለች። ቆሙ።